ሁለተኛው የሩሐማ ደም

ሁለተኛው ብልቃጥ ከየት መጣ? ሩሐማ የካዛንቺሱ ላብራቶሪያችን ባለሙያ ናት፤ ከደም ካንሰር ታማሚዎች ጋር የምናነጻጽረውን ጤነኛ ደም የምትሰጠውም እሷ ናት። ጠዋት የሰጠችው ንጹሕ ነው። ስሟ ያለበት ሌላው ብልቃጥ ውስጥ ግን ሜቲሌሽን፣ ጂን የሚያፍነው ኬሚካዊ ምልክት፣ ካንሰር የሚገቱትን ጂኖች ዘግቷቸዋል። የታማሚ ደም ቀላቅላለች ብዬ ጠረጠርኋት፤ ዲኤንኤው ግን የራሷ ሆነ። ብልቃጡ ላይ የተጻፈው ዓመት 2025 ይላል።

«የአምናው ነው፤ በፈረንጅ አቆጣጠር ጽፈሽው ነው» አልኳት።

«ፈረንጅስ እርስዎ ነዎት ዶክተር፤ እኔ የምጽፈው በእኛ ነው» ብላ ሣቀች። ብልቃጡን አዙራ ስታየው ሣቋ ቆመ።

«ጽሑፉ የኔ ነው። ጳጉሜ 3 ቀን 2025።»

ጳጉሜ በፈረንጅ የለም። ዘንድሮ ደግሞ 2018 ነው።

ቦርሳዋን አንስታ ወጣች። «ሩሐማ፣ ነገ ደምሽን ደግመን እንየው» ብዬ ላክሁላት። መልእክቱን አይታዋለች፤ እስካሁን አልመለሰችም።