ሐይቁ የነበረበት

ሽፍቶቹ የጂኦሎጂ ምሁሩን ጥርስ በሰደፍ አራግፈው በረሃ መሀል አቆሙት። “ዶክተር፣ ቦታውን ራስህ ምረጥ። ውሃ ካላወጣህ ትሞታለህ” አለው አለቃቸው።

ደሙን እየተፋ አጠገቡ ጎርፍ ከሸረሸረው ቦረቦር ግድግዳ እፍኝ አፈር ዘግኖ በማጉያ መነጽር አየው። “ጥቃቅን ዛጎል ሞልቶበታል። እዚህ ሐይቅ ነበር፤ እዚሁ ልቆፍር።”

“መቼ ነው የነበረው?”

“የዛሬ መቶ ሺህ ዓመት።”

“እኛን የጠማን አሁን ነው።”

አካፋ ወረወሩለት። ጉድጓዱ እስከ ወገቡ ሲደርስ የላዩ አሸዋ ከታቹ ነጭ ጭቃ ጋር ተደበላልቆ አገኘው። ሐይቅ ደለሉን ደርድሮ ነው የሚያስቀምጠው፤ እንዲህ የሚያማስለው አካፋ ብቻ ነው።

“ይህን ቦታ ከእኔ በፊት ሰው ቆፍሮታል” አለ።

“ያኛውም ዶክተር የመረጠው እዚሁ ነው” አለ አለቃው። “ትንሽ ጨምረህ ቆፍር፣ እሱንም ታገኘዋለህ።”