የዶን ኤውሴቢዮ ሸሚዝ

«ውሻ ሊወስዱ ነው?» አልኳቸው ጎረቤታችንን ዶን ኤውሴቢዮን።

«የምን ውሻ! ከተቆለፈ ቤቴ የጠፋ ሸሚዜን ነው እንጂ። ያውና፣ እዚያ ጎጆ ውስጥ አንጥፋችሁታል!»

በቫልፓራይሶ ኮረብታ ላይ ያለው የውሾች መጠለያችን አንድ ልማድ አለው። ውሻ የሚወስድ ሰው የለበሰውን ልብስ አስቀድሞ ያመጣል፤ ውሻው ጠረኑን እንዲለምድ ተኝቶበት ያድራል። ይህን ሸሚዝ ግን ማንም አላመጣውም። የተነጠፈው ደግሞ በካኔላ ጎጆ ነበር። ካኔላ ዶን ኤውሴቢዮ በአጥር የወረወሩትን የተመረዘ ሥጋ በልታ ሞታ፣ እሑድ ዕለት ከነአንገት ቃጭሏ ቀብረናታል።

ሸሚዙን ሳነሳው ይሞቃል።

«ፀጉር በፀጉር አድርጋችሁት! እናንተም እንደ ውሾቻችሁ ሌባ ሆናችሁ?»

«ይቅርታ፣ ዶን ኤውሴቢዮ» ብዬ ሰጠኋቸው።

እሳቸው ሲወጡ የባዶውን ጎጆ በር ከፈትኩት፤ ጌታ ላገኘ ውሻ ሁልጊዜ የማደርገው ይህንኑ ነው። ቃጭሉ እያቃጨለ ቁልቁለቱን ተከትሏቸው ወረደ።