ሁለት ቁመት ሲባጎ

ሻማ የተከልኩበትን የቲማቲም ቆርቆሮ በሲባጎ አንጠልጥዬ ወደ አያ አራጌ የማሽላ ጉድጓድ አወርዳለሁ። የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎቼ የጉድጓዱን አፍ ከበውታል፤ ሁለት እርምጃ ራቁ ያልኳቸውን ሁሉም ረስተውታል።

«ወደ ኋላ!» እላለሁ። «ጉድጓድ ነው እንጂ ሠርግ አይደለም።»

ከጀርባዬ የሱፐርቫይዘሩ የአቶ ተዋቸው እስክሪብቶ ወረቀቱን ይጭራል። ከጠዋት ጀምሮ የሚፈልገው አንድ ነገር ነው፤ ስህተቴን። እኔ የቤተ ሙከራ ጠባቂ ነኝ። በጦርነቱ ጊዜ ጠርሙሱንና ሚዛኑን የዘረፉ ሰዎች መጽሐፎቹን ንቀው ትተዋቸው ሄዱ። እኔ አልናቅኋቸውም፤ አነበብኳቸው። የሳይንስ መምህሩ ከተዛወረ ወዲህ ክፍሉን የያዝኩት እኔ ነኝ፤ ያለ ዲፕሎማ። ዛሬ አቶ ተዋቸው ከፈረመ እቀጥላለሁ። ካልፈረመ ነገ ባዶ መደርደሪያ እወለውላለሁ።

የትምህርት ዕቅዴን ሲያነብ፣ «መርጃ መሣሪያ» ከሚለው ፊት «ጉድጓድ» ተብሎ ተጽፎ አይቶ ሳቀ። «ማሽላ ይተነፍሳል» የሚለው ላይ ሲደርስማ ለርዕሰ መምህሩ ጭምር አነበበለት። ደጋ ያደገ ሰው ነው፤ እህል በጎተራ እንጂ በመሬት ሆድ ሲያድር አይቶ አያውቅም።

አያ አራጌ ግን አልሳቀም፤ ተቆጣ። «እኛ ከአባታችን ጀምሮ ማታ ከፍተን ጠዋት እንወርዳለን። ታፍኖ የከረመው ነገር በአንድ ሌሊት ይወጣል። አንቺ የሺ፣ ትናንት የተወለድሽው ልታስተምሪኝ ነው?»

«እኔ አይደለሁም፣ ሻማው ነው» አልኩት።

ተስማማን። ትናንት ማታ ከፈተ። ዛሬ ሻማው ታች ደርሶ ከጠፋ ሰው የሚገድለው አየር ገና አልወጣም ማለት ነው፣ ሳይወርድ ይቆያል፤ ካልጠፋ ልጆቹ ፊት ወርዶ የሚቆላ ማሽላ ይሰፍርላቸዋል። የዕቅዴ ጥያቄም ይኸው ነው፤ አንድ ሌሊት ይበቃል ወይ?

ሲባጎው ያልቃል።

ሻማው ይነድዳል። ቀጥ ብሎ፣ እንደ ቤቱ።

«ጠፋ?» ይላል ከኋላ አንዱ።

«ኧረ ምኑ! ከቤታችን መብራት ይሻላል!» ትላለች ኢክራማ፤ ሳቁ ዙሪያውን ይፈነዳል።

አቶ ተዋቸው ሰዓቱን ያያል። ከቆቦ ያመጣው ባጃጅ መንገዱ ዳር ሆኖ ክላክሱን ይነፋበታል። «ውጤቱ… ከዕቅዱ ጋር… አልተገናኘም» ይላል እየጻፈ። ሲጽፍ ጮክ ብሎ ነው።

አያ አራጌ ጆንያውን ትከሻው ላይ ጥሎ ጉድጓዱ አፍ ላይ ይቀመጣል። እግሮቹን ወደ ውስጥ ይሰዳል። የቁርቁራው ዛፍ ግንድ ላይ የታሰረውን ጠፍር ሳብ አድርጎ ይፈትሻል።

«አየሽው አይደል፣ ቲቸር? በይ እንግዲህ ምጣዱን አስጥጂ።»

 አጎንብሼ ቆርቆሮውን አያለሁ። ብርሃኑ የጉድጓዱን ግድግዳ ዙሪያውን አቅልቶታል። ከሥሩ ግን ምንም አያበራም። ማሽላው አይታይም። ጨለማ ብቻ ነው።

ሰኞ ዕለት አያ አራጌን ጥልቀቱን ስጠይቀው «ሁለት ቁመት» አለኝ። ቤቴ ገብቼ ሲባጎውን ሁለት ቁመት ለካሁ፤ በራሴ ቁመት። እናቴ በአጭርነቴ «ቆቅ» የምትለኝ እኔ! አያ አራጌ ግን በየሰው በር ጎንበስ ብሎ የሚገባ ረጅም ሰው ነው።

«ሁለተኛ ሙከራ እናድርግ» ብል ያምርልኛል። «ንፋስ ገብቶ ነው» ብልም ማን ይከራከረኛል? ግን አያ አራጌ ላማረ ቃል የሚቆም ሰው አይደለም። ጠፍሩን በሁለት እጁ ጨብጧል።

«ቢስሚላህ» ይላል፤ መቀመጫውን ከመሬት ያነሳል።

«አያ፣ አይውረዱ! ተሳስቻለሁ! ሲባጎዬ አጭር ነው!»

እስክሪብቶው ቀጥ ይላል። «ምን አልሽ?»

«በራሴ ቁመት ነው የለካሁት። ይጻፉት፣ አቶ ተዋቸው። በትልቁ ይጻፉት።»

«ይኸው ይነድ የለም እንዴ?» ይላል አያ አራጌ፣ ጠፍሩን ሳይለቅ።

«የሚነደው ወገብዎ ጋ ነው፣ አያ። ወገብዎ አይተነፍስም። ማሽላ ሊሰፍሩ ሲያጎነብሱ አፍንጫዎ የት ይደርሳል?»

አይወርድም። ጠፍሩን እንደያዘ መልሶ ይቀመጣል። የአንገት ልብሴን ፈትቼ ከሲባጎው ጫፍ ጋር እቋጥራለሁ፤ ሠላሳ ስምንት ልጅ ያየኛል። እንደገና አወርዳለሁ። አንድ ስንዝር። ሁለት። ነበልባሉ ይነድዳል። እባክህ ጥፋ፣ እላለሁ በልቤ። ለፊርማው መሆኑ ቀርቷል።

አንድ ክንድ ሲሞላ ነበልባሉ ይቀጥናል። ይረዝማል። ከክሩ ጫፍ ለቀቅ ይልና የለም።

የሚስቅ የለም።

«ማንም አልነፋበትም» ትላለች ኢክራማ በሹክሹክታ። ማንም ሳያዛት ሁለት እርምጃ ወደ ኋላ ትሄዳለች። ሌሎቹም ይከተሏታል።

ከጎኔ አንድ ሰው ይንበረከካል። አቶ ተዋቸው ነው፤ ቅጹ ጉልበቱ ሥር አፈር ላይ ተጨማዷል፣ እሱ ግን ዓይኑ ጉድጓዱ ውስጥ ነው።

«ድገሚው እስቲ» ይላል ቀስ ብሎ።

ክብሪቱን እየፈለግሁ አያ አራጌ አንድ እግሩን ያወጣል። ሁለተኛውን ሲያወጣ የላስቲክ ጫማው ያመልጠዋል። ማሽላው ላይ ዱብ ሲል ሁላችንም እንሰማለን። ባዶ እግሩን አቧራው ላይ ያሳርፋል፤ ጣቶቹ መሬቱን ቆንጥጠው ይይዛሉ።