መልሱ እስኪያልቅ

«እንዴት ነሽ?» ያለ ሰው መልሱ እስኪያልቅ እንዳይነሳ በሕግ ከታዘዘ ወዲህ፣ ሰፈርተኛው ወይዘሮ የሺመቤትን ሲያይ መንገድ ይቀይራል። መራመድ የማትችል ልጃቸውን ብቻቸውን ነው የሚያሳድጉት፤ መልሳቸው ረጅም ነው።

የእኔ ሥራ ደግሞ የእንዲህ ዓይነት ወላጆችን ጭንቀት ማጥናት ነው። የመጠይቄ አንደኛ ጥያቄ «እንዴት ነዎት?» ይላል። ማክሰኞ ጠየቅኋቸው፤ ዓርብ ጨረሱ። ጢሜ አድጓል። ሁለተኛውን ጥያቄ በፍርሃት ሰረዝኩት።

ጎንበስ ብዬ ጫማዬን ሳስር ልጃቸው ሶልያና ከተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና፣ «ጋሼ፣ አንተስ እንዴት ነህ?» አለችኝ።

ሕጉ ከወጣ ጀምሮ ማንም ጠይቆኝ አያውቅም። «ደህና» ልል አፌን ስከፍት እንባዬ ቀደመኝ።

ወይዘሮ የሺመቤት ሊሸኙኝ የከፈቱትን በር መልሰው ዘጉት።

«እስከ ሰኞ ትጨርሳለህ?» አሉና ድስቱ ላይ ምስር ጨመሩ።