የተረኛው እጅ

ደወሉ ሲጮህ የፓምፕ ጣቢያው ተረኛ ሠራተኛ እጅ ከዓይኑ ቀድሞ ጠረጴዛው ላይ ያለውን የደወል ማጥፊያ ቁልፍ ተጫነውና ክፍሉ ጸጥ አለ። ስንት ዓመት ሙሉ የውሃው ግፊት ትንሽ ከፍ ዝቅ ባለ ቁጥር ያ ደወል በከንቱ ሲያንባርቅ፣ እሱም ቀና ሳይል ዝም ሲያሰኘው ኖሯል። ወጣቷ መሐንዲስ ግን ሳምንቱን ሙሉ ስትለፋ ሰንብታ የማይረባውን ጩኸት ሁሉ አስወግዳለት፣ ጠዋት «ጋሼ፣ ከእንግዲህ ከጮኸ የምሩን ነው» ብላው ነበር።

አሁን ትዝ አለውና ቀና ብሎ ግድግዳው ላይ ያለውን ማሳያ አነበበ። ለሆስፒታሉ ውሃ የሚገፋው ፓምፕ ቆሟል። ተጠባባቂውን ፓምፕ አስነሳና ግፊቱ ቀስ እያለ ሲወጣ እስኪያይ ትንፋሹን ያዘ። ዞር ሲል መሐንዲሷ በሩ ላይ ቆማ ነበር። ቀኝ እጁን እንዳጠፋ ልጅ ጭኑ ስር ሸሸገው።

«ሳላየው ዘጋሁት፣ ልጄ» አላት።

ካቻቢቴዋን አውጥታ ቁልፉን ከጠረጴዛው ትነቅል ጀመር።

«ወዲያ ማሳያው ስር እሰካዋለሁ። ሊዘጉት ሲሄዱ ማሳያውን ያነባሉ» አለችው። ከዚያም ቀና ሳትል፣ «ማሽኑን ሳስተካክል እጅዎን ረስቼው ነው» አለችው።