ስብ የምታጠናው ልጄ

አባቴ ለምርቃት የዘረጉትን እጃቸውን ከልጄ ራስ ላይ ያነሣሉ።

«ቆይ፣ ቆይ። ውብዳር፣ ይቺ ልጅ በምን ላይ ነው የምትሠራው ያልሽኝ?»

«በስብ ላይ፣ አባዬ።»

«አሜን!» ትላለች እህቴ ማሪቱ፣ ከያቭነ ከተማ፣ በስልኩ ውስጥ ሆና። ምርቃቱ የተጀመረ መስሏታል።

ምናለ አፌን ብይዝ! ስብ በኦሪት የእግዚአብሔር ድርሻ ነው፤ አይበላም። አባቴ ደግሞ ጎንደር እያሉ የመንደሩን ሥጋ ከስብ የሚያጠሩት እሳቸው ነበሩ። ዛሬም እዚህ ገዴራ ባለ ሥጋ ቤቱ አጥርቶ የሸጠላቸውን ቤት አምጥተው እንደገና ያጠሩታል።

«የእግዚአብሔርን ድርሻ ስትነካካ የምትውልን ልጅ ምን ብዬ ልመርቃት?»

ልጄ ማዕያን ተንበርክካ ቀርታለች። ነጭ ሸሚዟን ለብሳለች፤ ፀጉሯን ከንጋት ጀምሮ ስትተኩስ ነው ያረፈደችው። ዛሬ ረሆቮት ላይ በፕሮፌሰሮቿ ፊት ቆማ ለሁለተኛ ዲግሪዋ የሠራችውን ታስረዳለች። እኔም ከምሠራበት ከቤኤር ቱቪያው ፋብሪካ ፈቃድ ወስጄ፣ ከምንኖርበት ከቂርያት ማላኪ ይዣት የመጣሁት ለዚሁ ነው። በቤታችን የአባቴ እጅ ራሱ ላይ ሳያርፍ ለትልቅ ነገር የሚወጣ የለም። ወደ ጦር ሠራዊትም ስትገባ፣ መንጃ ፈቃድም ስትፈተን እንዲሁ ነበር።

«ሳይመርቁኝ አልሄድም» ትላለች። ዓይኗ እንባ ያቀርራል። «ኢማ፣ ንገሪያቸው እንጂ!» ትለኛለች፤ በዕብራይስጡ ‹እማዬ› ማለቷ ነው።

«ምን ብዬ? እኔስ የገባኝ ስቡ ብቻ አይደል!»

አፍንጫዋን በእጇ ጀርባ ታብሳለች። ትንሽ ታስባለች።

«አባባ፣ ድሮ ስልቻ ይሠሩ ነበር አይደል?»

«እንዴታ!»

«ደረቁን ቆዳ ቢያጥፉትስ?»

«ይሰነጠቃላ።»

«ታዲያ ምን ያደርጉ ነበር?»

«በቅቤ ማሸት ነዋ፤ እስኪለዝብ።»

«ቤሰደር፣ እሺ። አሁን ይስሙኝ። ሰውነታችን በሙሉ ከትንንሽ… ኢማ፣ ‹ታኢም› ምንድን ነው በአማርኛ?»

«ህዋስ» እላለሁ፤ ከሬድዮ የሰማሁትን።

«ከህዋስ ነው የተሠራው። ዓይን አያየውም። ሁሉም የራሱ ቆዳ አለው፤ ቆዳው ደግሞ ከስብ ነው። አንዱ ህዋስ ሁለት ሊሆን ሲል መጀመሪያ ያድጋል፣ ለሁለት የሚበቃ ስብ ያዘጋጃል። ከዚያ ወገቡ ጋ ይቀጥናል፤ እንዲህ!» ወገቧን በሁለት እጇ ትይዛለች። «ያኔ ስቡ ይለወጣል። ሌላ ጊዜ ትንሽ የነበረው ዓይነት ይበዛል፤ እንደ እርስዎ ቅቤ። እኔ የምሠራው ይሄንን ነው። ቆዳው ሳይቀደድ እንዴት ሁለት እንደሚሆን።»

አባቴ ወንበራቸውን ወደ እሷ ያስጠጋሉ።

«ማን ነው የሚያሸው?»

«ማንም። ራሱ ነው።»

«ማንም ሳያስተምረው?»

«ማንም ሳያስተምረው።»

መዳፋቸውን ገልበጥ አድርገው ያዩታል። «በዚህ በሽማግሌው እጅም ውስጥ?»

«አሁን፣ እያወራን እያለ።»

መጀመሪያ ትከሻቸው ነው የሚስቀው፤ ከዚያ ሁለመናቸው። «ለካ በከንቱ አይደለም ስቡ የኔ ነው ማለቱ! ፍጥረት የሚበዛበትን ነገር ለራሱ አስቀርቶታላ! ውብዳር፣ ቅቤ አምጪ።»

ክው እላለሁ። በአገራችን ለትልቅ ነገር የሚሄድ ልጅ አናቱን ቅቤ ይቀባል፤ እውነት ነው። ግን ያ ሁሉ የተተኮሰ ፀጉር!

«አባዬ፣ ዛሬ እንኳ ቢቀር…»

«አምጪ ብያለሁ።»

የፍሪጁ ቅቤ ድንጋይ ሆኗል። በሁለት መዳፋቸው መሃል እስኪለዝብ ያሹታል። ማዕያን እኔን ታየኛለች፣ ቅቤውን ታያለች፤ ከዚያ ሳቋን አፍና ራሷ አንገቷን ዝቅ ታደርጋለች።

«ቃልሽን ያለዝብልሽ። የጠያቂሽን ፊት ይፍታልሽ። እንደዚያ እንደ ህዋስሽ፣ አንድ ሆነሽ ገብተሽ በዝተሽ ውጪ!»

«አሜን! ባልም ይስጣት!» ማሪቱ ስልኩን ልትሰነጥቀው ነው።

ከደስታዬ የተነሣ አሜኑን ዘግይቼ እለዋለሁ።

መኪናው ውስጥ ገብተን ሞተሩን ሳላስነሣ ሶፍት አቀብላታለሁ። «ቶሎ ጥረጊው፤ ሸሚዝሽን ሊያበላሽብሽ ነው። ያላ!»

ፊቷን የምታይበትን መስታወት ወደ ታች ታወርዳለች። የገዴራ ፀሐይ ቅቤውን አቅልጦታል፤ በግንባሯ እየወረደ ነው። ታየውና ትስቃለች፤ ሶፍቱን ጉልበቷ ላይ ታስቀምጠዋለች። ከቅንድቧ ላይ ሊንጠባጠብ የደረሰውን በጣቷ ትቀበለውና መሪውን የያዘ እጄን ትስበዋለች፤ የፋብሪካው ካርቶን የሰነጣጠቀውን ቆዳዬን በቀስታ ታሸዋለች።