የወይራ ውሃ

ትልልቆቹ ድርጅቶች ሰው ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግባቸውን በትክክል የተጻፉ ቃላት ተከፋፍለው በስማቸው ካዞሩ ወዲህ፣ ለውብአንቺ የጤና ብሎግ የተረፈው የሰው ስሕተት ብቻ ነው። «ስኳር» የእነሱ ነው። እሷ «ሱካር»፣ «ሱኮር» እያለች መጻፍ ከጀመረች ስድስት ዓመት ሆኗታል፤ ጣታቸው የሚስትባቸው ሽማግሌዎች የስኳር በሽታ መድኃኒት ሲፈልጉ እሷ ገጽ ላይ ይገባሉ። ከሥር የምትሞላውን ምክር የትም አታጣራውም፤ ደክሟት አፏ ላይ የመጣላትን ትጽፋለች። «የወይራ ቅጠል ክኒን ያስጥላል» ያለችውም እንዲሁ ነው።

ዛሬ ጠዋት አባቷ በባዶ ሆዳቸው አረንጓዴ ውሃ ሲጠጡ አገኘቻቸው። የስኳር ክኒናቸው ሳይከፈት መስኮቱ ላይ አቧራ ለብሷል።

«አባባ፣ ምንድን ነው እሱ?»

«ወይራ ነዋ!» ብለው ስልካቸውን አቀበሏት። የተከፈተው የራሷ ገጽ ነው፤ የማን እንደሆነ ግን አያውቁም።

«ሌላው ሁሉ አላገኘሁም ይለኛል። እንደኔ ለሚሳሳት ሰው የሚመልስ እሱ ብቻ ነው ልጄ» አሏት፤ «እግዜር ይስጠው።»